የግራ ካልሲ

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የግራ ካልሲዬ ነው። የቀኙ ጣጣ የለበትም። የግራው ግን ዳኛ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሳብ አደርጋለሁ፣ ካልሲውን በሁለት እጄ ከፈት አድርጌ የእግሬ አውራ ጣት ላይ ለማጥለቅ እሞክራለሁ። ከገባ ትናንት በሳይክል የሄድኩት መንገድ ልክ ነበር ማለት ነው። መሃል ላይ ከቂጤ እስከ ተረከዜ ያ የማውቀው መስመር ኮረንቲ እንደያዘው ከነዘረኝ ደግሞ ትናንት አብዝቻለሁ። ይግባኝ የለውም።

ዛሬ ገባ። በሁለተኛው ሙከራ ነው፤ ግን ገባ።

እንዲህ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ድሮ ወገብ እንዳለኝም አላውቅም ነበር። ሰው ጤነኛ የሆነ አካሉን መቼ ያውቃል? አሁን አጥንቶቹን በስማቸው እጠራቸዋለሁ። የታችኛው ወገብ አምስት አጥንት ነው ያለው፤ ሐኪሞች ከላይ ወደ ታች ኤል 1፣ ኤል 2 እያሉ እስከ ኤል 5 ይቆጥሯቸዋል። ከዚያ በታች ዳሌ መሃል የተሰካው ኤስ 1 ይመጣል። በመካከላቸው ካሉት ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ ነርቭ የሚያስቸግሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። የኔ የመጨረሻው ነው፤ በኤል 5 እና በኤስ 1 መሃል ያለው። ምድር ቤት በሉት። የላይኛው ፎቅ ሁሉ ክብደት እሱ ላይ ነው።

«ዲስክ መንሸራተት» የሚለውን ስም አልወደውም። ነገርዬው አይንሸራተትም። ከላይም ከታችም ካለው አጥንት ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ዙሪያው ጠንካራ ቀለበት፣ መሃሉ ጄል የመሰለ ነገር። ቀለበቱ ሲቀደድ የመሃሉ ወደ ኋላ ወጣ ይልና ነርቩን ይጫነዋል፣ ያስቆጣዋል። ስሙ ግን ሰውን ያሳስታል። እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያባከንኩት «ወደ ቦታው የሚመልስልኝ» ሰው ስፈልግ ነው። እንደ መሳቢያ ገፋ ሲያደርጉት የሚገባ መስሎኝ።

ስጎዳ ሳይክል ላይ አልነበርኩም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ቤተሰቡ በሙሉ ሳይክሉ ላይ ስለፈረደበት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ በደወለች ቁጥር፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ልጄ፣ ያንን ብረት አልሸጥከውም?» ትለኛለች። እውነቱ እንዲህ ነው። የዚያን ቀን ረጅም መንገድ ነዳሁ፤ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ተጣጥፌ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ አልተንጠራራሁ፣ ወዲያ ወዲህ አላልኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ወደ ግራ ዞር ብዬ፣ ሳይክሉን ከኋላ ወንበር ጎተትኩት። 9 ኪሎ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ብቻ! ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማኝ። መጀመሪያ ላይ ህመም እንኳ አልነበረም፤ የሞቀ ውሃ የፈሰሰብኝ ነው የመሰለኝ። ሳይክሉን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩና መሬት ላይ በእጄና በጉልበቴ እንደቆምኩ ቀረሁ። ጎረቤቴ አይቶኝ «ምን ወደቀብህ?» አለና አብሮኝ መፈለግ ጀመረ።

ሐኪሙ የቀኝ ተረከዜን ጅማት በትንሿ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሬ ዘለል አለ። የግራው ዝም። ደገመው። ዝም። በግራ እግሬ ጣቶች ብቻ ቁም ሲለኝ አቃተኝ። ያ ባቴ አሁንም ከቀኙ ይቀጥናል። ቁምጣ ስለብስ ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለኛል፤ ማንም አያየውም።

የኤምአርአዩ ወረቀት ደግሞ ከህመሙ በላይ አስፈራኝ። ያረጀ፣ የደረቀ፣ የወጣ የሚሉ ቃላት ሞልተውታል። ሰው ሳይሆን የአሮጌ ቤት ግምት ነበር የሚመስለው። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ በነገረኝ ብዬ የምመኘው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምንም የወገብ ህመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስሎች አጠናቅሮ ነበር። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት ጤነኞች 30 በመቶ ያህሉ ያበጠ ዲስክ አላቸው። 80 ዓመት ላይ 84 በመቶ ይደርሳል። ምንም ሳያማቸው! ደግሞም ወጥቶ የነበረውን ጄል ሰውነት ብዙ ጊዜ ራሱ ቀስ በቀስ ይበላዋል። የኔም የእግር ህመም ስድስተኛው ወር ግድም ላይ እየለቀቀኝ ሄደ። ወገቤ ግን ቀረ። ትልቅ ሰው ሲሆን ዲስኩ ውስጥ ደም የለም ማለት ይቻላል። ምግቡ ከአጎራባቹ አጥንት እየሰረገ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ እንደ ተቆረጠ ጣት በሳምንት አይሽርም።

ወደ ሳይክል የመለሰችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። በዕድሜ ብዙ ታንሰኛለች፤ ቁጣዋ ግን የአክስት ነው። ከተመለስኩ በኋላ በመጀመሪያው ጥሩ ቀን እንደ ልጅ እየተፍለቀለቅኩ ገባሁ።

«60 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ምንም አልሆንኩም!»

«መቼ ነዱ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እንግዲያው ነገ ይደውሉና ይንገሩኝ።»

ነገ አልደወልኩም። ስልኩን ቻርጀሩ ላይ ሰክቼው ስለነበር ተነስቼ ማምጣት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ኪሎ ሜትር መቁጠር ትቻለሁ ማለት ይቻላል። ወገቤ ሲነዱ ዝም የሚል፣ በማግስቱ የሚናገር ዓይነት ነው። መንገድ ላይ ሙቀቱም ደስታውም ይሸፍነዋል። ሂሳቡ የሚመጣው ከአንድ ሌሊት በኋላ ነው። ለዚህ ነው ካልሲውን የሾምኩት።

ከሁሉም ያጣሁት ጎህን ነው። ድሮ ሰው ሳይነቃ፣ መንገዱ ገና እርጥብ ሳለ ነበር የምወጣው። የጎማው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ሰዓት። አሁን አይሆንም። ዲስክ ሌሊት ክብደት ሲቀልለት ውሃ ይስባል፣ ያብጣል። ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ለዚህ ነው። ጠፈርተኞችማ ክብደት በሌለበት ሲከርሙ ቁመታቸው እስከ 3 በመቶ ይጨምራል። ደስ የሚል ነገር ይመስላል፤ ግን በውሃ የተወጠረ ዲስክ ሲታጠፍ ጫናው ይብሳል። በተለይ ከእንቅልፍ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ክፉ ነው። ሳይክል ላይ መውጣት ደግሞ መታጠፍ ነው። ስለዚህ እነሳለሁ፣ ቤት ውስጥ እዞራለሁ፣ ቆሜ አነባለሁ፣ በመስኮት እያየሁ ጎህ ያልፋል። አንዳንድ ቀን አንድ ሳይክለኛ በመንገዱ ሽው ሲል አያለሁ። ምቀኝነት እንደሆነ አምናለሁ።

ሳይክሉን እንደ አዲስ አስተካክዬዋለሁ። መሪውን 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ወደ እኔም ጠጋ አደረግኩት። ኮርቻውን ዝቅ አደረግኩት፤ ከኋላዬ የሚነዳ ጓደኛዬ «ዳሌህ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ ነው» እስኪለኝ ድረስ ከፍ ማለቱን አላወቅኩም ነበር። እግር ፔዳሉን ለመድረስ ሲንጠራራ ዳሌ ይወዛወዛል፣ ዳሌ ሲወዛወዝ ምድር ቤቱ ይጠማዘዛል። በየደቂቃው 80 ጊዜ። የኮርቻውን አፍንጫ ደግሞ ጥቂት ወደ ታች አዘነበልኩት። ይህቺ ትንሽ ነገር ለብዙ ሳይክለኞች ወገብ እንደምትረዳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ጥናት አለ፤ ለኔም ሠርታለች፤ ሲበዛ ግን ወደፊት እያንሸራተተ እጅ ያደክማል። ጎማውን ከ25 ሚሊ ሜትር ወደ 35 ቀየርኩ፣ ንፋሱንም ቀነስኩለት። ጓደኞቼ «የጡረታ ሳይክል» ይሉታል። ይበሉ። የተቦረቦረ መንገድ ላይ እነሱ እየተንቀጠቀጡ እኔ እየተንሳፈፍኩ ነው የማልፈው።

ዋናውን ለውጥ ግን ሳይክሉ ላይ ሳይሆን መጥረጊያው ላይ ነበር የተማርኩት። ፊዚዮቴራፒስቷ የመጥረጊያ እንጨት ጀርባዬ ላይ በቁሙ አስያዘችኝ፤ ጭንቅላቴን፣ ትከሻዬን፣ መቀመጫዬን እንዲነካ። «አሁን ጎንበስ ይበሉ፤ እንጨቱ ከሦስቱም እንዳይለቅ።» ቀላል መሰለኝ። አሥር ዲግሪ ሳልሄድ ከመቀመጫዬ ለቀቀ። አርባ ዓመት ስታጠፍ የኖርኩት ከወገቤ ነበር፤ ዳሌዬ እንደ ማጠፊያ እንደሚሠራ ማንም አልነገረኝም። ሳምንታት ፈጅቶብኛል። አሁን ሳይክል ላይ ስወጣ ያ እንጨት ጀርባዬ ላይ ያለ እየመሰለኝ ነው የምነዳው። ከባድ ማርሽ አልገፋም፤ ቀላሉን ይዤ ቶሎ ቶሎ አዞራለሁ። በየ20 ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ቆሜ ዳሌዬን ወደፊት አወጣለሁ። ከኋላ ሲያዩኝ ምን እንደምመስል ባላውቅ ይሻለኛል።

ጓደኛዬ እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይክለኛው ኤጋን በርናል የጣሊያኑን ታላቅ የሳይክል ውድድር ጂሮ ዲ ኢታሊያን ሲያሸንፍ ዜናውን «አየህ?» ብሎ ላከልኝ። በርናል ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጀርባ ህመም ቱር ደ ፍራንስን አቋርጦ የወጣ ሰው ነው። አየሁ። ደስም አለኝ። ግን 24 ዓመቱ ነበር፣ የራሱ ሐኪምና የሚያሸው ሰው ደግሞ በየማታው አጠገቡ ነበሩ። እኔ ካልሲ ብቻ ነው ያለኝ።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። ሳይክለኛ ሁሉ ኮርቻ የሚያደነዝዘውን፣ በእግሮች መሃል ያለውን ቦታ ያውቀዋል፤ ወርዶ ትንሽ ሲራመድ ይለቃል። ያ ቦታ ሳይክል ላይ ሳይወጡ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ፣ ወይም ሁለቱም እግር ከከዳ፣ ጠዋትን መጠበቅ የለም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ከወገብ እንደ ጭራ ወደ ታች የሚወርደው የነርቮች ጥቅል ሲጨፈለቅ የሰዓታት ጉዳይ ነው። እኔን አጋጥሞኝ አያውቅም። ግን ዲስክ አለብኝ ለሚለኝ ሳይክለኛ ከኮርቻ ከፍታ በፊት የምነግረው ይህንን ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ህመሙ ድጋሚ ጥሎኛል። ስምንት ወር ደህና ስከርም የዳንኩ መሰለኝ። ጎማ ተነፈሰብኝ፣ ቸኮልኩ፣ እንደ ድሮው በወገቤ ጎንበስ ብዬ የውስጡን ጎማ ቀየርኩ፣ አስነጠሰኝ። ማስነጠስ! ስድስት ሳምንት። ከህመሙ ይልቅ የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ፍርሃት ነው። ሳይክሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየኝ ወራት አለፉ፤ እስክሪብቶ ሲወድቅብኝ እንኳ ዝም ብዬ ሌላ እፈልግ ነበር። ፍርሃቱ ራሱ ወገብ እንደሚያደርቅ የገባኝ ስመለስ ነው። የመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ነዳሁ። በማግስቱ ካልሲው ገባ። አሥራ አምስት አልኩ።

አሁን ጎማ ሲተነፍስ በአንድ ጉልበቴ ተንበርክኬ ነው የምቀይረው። ጓንቴን ጉልበቴ ስር አነጥፋለሁ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ስመለስም ሶፋ ላይ አልዘረጋም፤ ያ ሶፋ ከየትኛውም ዳገት ይብሳል። አሥር ደቂቃ ሳይክሉን እየገፋሁ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ነው ቤት የምገባው።

ዛሬ ለ50 ደቂቃ ወጣሁ። ወደ ቤት መመለሻው ላይ አንድ ዳገት አለ፤ ድሮ በትልቁ ማርሽ የምጨርሰው። ግማሹ ላይ ግራ ባቴ ውስጥ ጉንዳን መሄድ ጀመረ። ህመም አይደለም፤ ሊመጣ ነው የሚል መልእክት ነው። ጫፉ ከፊቴ ይታየኝ ነበር፣ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀር ነው። ወረድኩ። ሳይክሉን እየገፋሁ ስወጣ አንድ ልጅ ለቁመቱ በጣም በተለቀ ሳይክል እየተንገዳገደ ደረሰብኝ።

«ጋሼ፣ ሳይክሉ ተበላሸ?»

«አይ፣ ሳይክሉ ደህና ነው።»

ሳይክሉን አየ፣ እኔን አየ፣ አልገባውም። ቆሞ ፔዳሉን እየረገጠ አለፈኝ። ዳሌው ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ኮርቻው ከፍ ብሎበታል ልለው ነበር፤ ርቋል።

የነገውን ካልሲ መሬት ላይ እንዳልፈልገው ወንበሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ግራውን ከላይ።