ባቡሩ ደሴ አይወጣም

ጥር 2011 የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ስታገባ ከድሬዳዋ የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ካርታ ላይ ላየው ሰው መንገዱ ቀላል ነው፤ በባቡር አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ሰሜን ታጥፎ ኮምቦልቻ። ሐዲዱም ያኔ ተነጥፎ ነበር። የቀረው ባቡሩ ነበር። ስለዚህ አዋሽን በመስኮት ተሰናብቼ አዲስ አበባ ገባሁ፤ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ላምበረት ሄጄ ሚኒባስ ያዝኩ።

የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ነገር እስካሁን ያናድደኛል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላደግን ልጆች ባቡር ማለት ከቤት ወጥተህ በእግርህ የምትደርስበት ነገር ነበር። አሁን ድሬ ላይ ከከተማ ለመውጣት ባጃጅ፣ አዲስ አበባ ለቡ ጣቢያ ላይ ወደ ከተማ ለመግባት ታክሲ። የሁለቱ ሒሳብ ተደምሮ ትኬቱን ሊያክል ምንም አልቀረው።

ጣርማበር ዋሻ ላይ ብርድ ቀሰቀሰኝ፤ ደብረ ሲናን ስንወርድ መልሼ ተኛሁ። ሸዋሮቢት ላይ ላብ ሲያጠምቀኝ ነቃሁና ቤቴ የደረስኩ መሰለኝ።

ከሚሴን አልፈን ሐዲዱን ሳየው «አቦ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው?» ብዬ ጮክ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ዞር አሉ።

«ድሬ ነህ አይደል? በወጣትነቴ ከእናንተ ዘንድ ጨርቅ አመጣ ነበር።»

«አዎ አባባ። ባቡሩስ?»

«መብራት ሲገባለት።»

«መብራቱስ መቼ ይገባል?»

ሳቁና ከከረጢታቸው ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። አዋሽን በኮምቦልቻ አድርጎ ከሐራ ገበያ የሚያገናኘው ይህ መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንድ የቱርክ ኩባንያ በ2007 ነው ሥራውን የጀመረው፤ ዋጋውም 1.7 ቢሊዮን ዶላር ተብሎለታል።

ኮምቦልቻ ስወርድ ባለባጃጁ መቶ ብር ተቀበለኝ። ሠርግ ቤት ስናገር ሁሉም ሳቀብኝ፤ ሃያ ብር ነው አሉ። አነጋገሬ አሳብቆብኝ መሆን አለበት።

ቤቱ በእንግዳ ስለሞላ ለማደር የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዝን ደሴ ወጣን። ያንን ሌሊት አልረሳውም! አንድ ስስ ብርድ ልብስ፣ የማይገጥም መስኮት። ለሠርጉ የያዝኩትን ሱፍ ለብሼ ተኛሁ። ድሬ ላይ ሰው በጥር ግቢው ውስጥ አንሶላ ብቻ ለብሶ ያድራል። ጠዋት ባለቤቲቱን ሌላ ብርድ ልብስ ስላልነበረ ነው ወይ ብላቸው «አልጠየቅህም እኮ» አሉኝ።

ቁርስ ቤት ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ባቡሩ ለምን ደሴ አይወጣም ብለው ይከራከራሉ። አንደኛው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩን ወሰደች፣ ደረቅ ወደቡን ወሰደች፣ ባቡሩንም ልትጨምር ነው ይላል። ዝም ማለት አልቻልኩም። የእኛም ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራውን ማስወጣቱ ከበዳቸውና ሐዲዱ በ1895 ከሥር ሜዳው ላይ ደረሰ፤ እዚያ የበቀለችውን ከተማ «አዲስ ሐረር» አሏት። ድሬዳዋ ማለት እሷ ናት። ከኮምቦልቻ ደሴም የከፍታ ልዩነቱ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ነው፤ እንኳን ባቡሩ ሚኒባሳችንም ሲያቃስት ነው የወጣው። «ታዲያ ሐረር ምን ሆነች?» አለኝ ልጁ። ጀጎል አለላት፣ ቢራዋ አለላት አልኩት። ደስ ያለው አይመስልም።

ሙሽራው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ኮንቴይነር ጭኖ በባቲ፣ በሚሌ ጅቡቲ ይመላለሳል። ባቡሩ ሲጀምር ምን ልትሆን ነው ብለው «እስከዚያ ጡረታ እወጣለሁ» አለኝ። ገና ሠላሳ አልሞላውም።

በአዲስ አበባ መዞሩ ስላንገፈገፈኝ ስመለስ ከሚዜዎቹ አንዱ እስከ ሚሌ በመኪናው ጫነኝ፤ ሳንቲም አልተቀበለኝም። ከሚሌ በሌላ መኪና አዋሽ ደረስኩ። የዕለቱ ባቡር አልፎ ነበርና ድሬ በሚኒባስ ገባሁ።