ቁልፉ እኔ ጋ ነበር

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጥግ ያለውን ቁም ሣጥን ከፈትኩት። ሦስት ዓመት ተቆልፎ የቆየ ነው። የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነበር። በስጦታ የመጡ አዳዲስ የልጆች መጻሕፍት ነበሩ፤ "አሁን ከሰጠኋቸው ያበላሿቸዋል፣ ትንሽ ከፍ ይበሉ" ብዬ ያስቀመጥኳቸው።

የታችኛውን ረድፍ ስስበው መጻሕፍቱ እንደ ጡብ ተያይዘው መጡ። ምስጥ ከግድግዳው ሥር ወጥቶ በጀርባቸው በኩል የአፈር መንገዱን ሠርቷል። አንዱን ገለጥኩት። ሽፋኑ እንዳለ አለ፣ ሥዕሉም ያብለጨልጫል፤ ውስጡ ግን ተቦርቡሮ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ቀርቷል። 14 ቆጠርኩ። አንዳቸውንም ልጅ አልነካቸውም።

ወዲያው ዓይኔ የሄደው በየልጁ እጅ ወደሚዞሩት ነው። ጥጋቸው የተላላጠ፣ በጋዜጣ የተለበዱ፣ አንዳንዶቹ ሦስት ጊዜ የተጠገኑ ናቸው። ግን አሉ። በየሳምንቱ የሚነሣና የሚገለጥ መጽሐፍ ላይ ምስጥ ቢጀምር እንኳ ቶሎ ይታያል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ የተዋሰችውን ተረት ይዛ መጥታ በር ላይ ቆመች፤ አትገባም። ተቀብዬ ስገልጠው አንዱ ገጽ ከላይ እስከ ታች ተቀዶ በነጭ ክር ተሰፍቷል፤ ልክ እንደ ነጠላ ጥለት፣ ጥቅጥቅ ባለ ስፌት። "ሕፃኑ ወንድሜ ነው የቀደደው፤ እማዬ ሰፋችው" አለችኝ። ለካ መጽሐፉን ሁለት ወር ደብቃው የቆየችው "ያበላሸ ይከፍላል" የሚለውን ማስታወቂያችንን ፈርታ ነው። በዚያው ቀን ማስታወቂያውን ነቀልኩት። ቅጣት የፈራ ልጅ የተቀደደ ገጽ አያመጣም፤ ይደብቃል፣ ቁራጩም ይጠፋል። አሁን የምላቸው "ሲቀደድ ቁራጩን መጽሐፉ ውስጥ አድርጋችሁ አምጡልኝ፤ አብረን እንጠግነዋለን" ነው። ያመጣሉም።

ለጥገናው ፕላስተር አልጠቀምም። ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ሊነሣ ሲል ደግሞ ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ከስንዴ ዱቄት ቀጭን ሙጫ አፈላለሁ፤ ልጁ ስስ ወረቀት በጣቱ ስፋት ይቆርጣል፤ ስስ አድርገን ቀብተን እንለጥፋለን። ሙጫው ከበዛ ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ነፍሳትም ይጠራል። ገጾቹ እንዳይጣበቁ በመሐል ላስቲክ አግብተን፣ ከባድ ነገር ጭነን እናሳድረዋለን። በእጁ መጽሐፍ የጠገነ ልጅ ከዚያ በኋላ ጣቱን በምራቅ አርሶ ገጽ ሲገልጥ አላየሁም።

ይህ ደግሞ ለሐረር ልጅ እንግዳ ሙያ አይደለም። በ1855 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እዚህ የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን፣ በጥንካሬም በመልክም የሐረርን የመጽሐፍ ጥራዝ የሚበልጥ በምሥራቅ አገሮች ከፋርስ በቀር የለም ብሎ መስክሯል። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጀጎል፣ በራስ ተፈሪ ቤት ባለው ሙዚየም አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከሰበሰቧቸው ቅርሶች መካከል እነዚያ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት አሉ። ልጆቹን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ከሁሉም የማረካቸው የቆዳው ሽፋን እንደ ፖስታ ክዳን ታጥፎ የገጾቹን ጠርዝ የሚሸፍንበት አሠራር ነው። ተመልሰን ስንመጣ ሁለቱ ከካርቶን እንደዚያ ያለ ክዳን ሠርተው ለሚወዱት መጽሐፍ ገጠሙለት።

በምርጫቸው ጣልቃ ላለመግባት ብዙ ታግያለሁ። ሐሙስ ዕለት አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከሁሉም ወፍራሙን መጽሐፍ አንሥቶ መጣ። በቤቱ ኦሮምኛ ነው የሚናገረው፤ አማርኛን የሚያነበው ቀስ ብሎ ነው። አልከለከልኩትም። አንድ ገጽ እንዲያነብልኝና ያልገባው ቃል ባገኘ ቁጥር አንድ ጣት እንዲያጥፍ ነገርኩት። ግማሽ ገጽ ሳይደርስ አምስቱም ጣቶቹ ታጠፉ። ጨብጦ የቀረውን እጁን አየና መጽሐፉን ራሱ መልሶ አስቀመጠው። "ቦታውን ዐውቀሃል፤ ይጠብቅሃል" አልኩት።

ከዚያ የጅብ ሥዕል ያለበት ቀጭን መጽሐፍ አገኘ። ትንሽ አየውና ፊቱን ቋጠረ። "ቲቸር፣ ይህ ጅብ ልክ አይደለም። የኋላ እግሩ ማጠር አለበት።" ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቦች ሥጋ ሲቀለቡ እያየ ያደገ ልጅ ነው፤ ሠዓሊውን ማረም ይችላል። ሌላው ሥዕልም ስሕተት እንዳለበት ለማየት መጽሐፉን ተዋሰ። ዓርብ ሲመልሰው ሙሉ ታሪኩን ነገረኝ፤ ሲያነብም የታጠፈው ጣት ሁለት ብቻ ነበር።

ከላይኛው ረድፍ 23 መጻሕፍት ደኅና ሆነው ተገኙ። አንድ በአንድ ገልጬ አራገፍኳቸው፤ ፀሐይ እንዳያደርቃቸው ጥላ ሥር አናፈስኳቸው። አሁን ከግድግዳው ፈቀቅ ባለው፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ እጅ በሚደርስበት ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ ሽፋናቸውን ወደ ውጭ አዙሬ ደርድሬያቸዋለሁ። ቁም ሣጥኑ ግቢ ወጥቷል። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ለርዕሰ መምህሯ አስረክባለሁ።