አባ ጎርጎርዮስን ፍለጋ በባቡር

ጀርመን የሄድኩት ፍራንክፈርት የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ለመጠየቅ ነው። ከእረፍቴ ላይ ግን ሦስት ቀን ለታሪክ አስቀረሁ። ያማከርኩት ሁሉ "በርሊን ሂድ" አለኝ። የእኔ ልብ ያለው ጎታ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ነበር።

ምክንያቴ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ከዛሬው ወሎ፣ ከመካነ ሥላሴ የወጡ ካህን። እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሮም ላይ አገኛቸው። ልጁ ግዕዝን ከመጽሐፍ ሲለቃቅም ነበር የኖረው። ከሦስት ዓመት በኋላ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዟቸውና አባ እዚያ ድረስ መጡ። ሉዶልፍ በኋላ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከእሳቸው አንደበት የተቀዳ ነው።

መንገዱ ለእቅድ ይመቻል። አይዘናኽ፣ ጎታ፣ ኤርፈርትና ቫይማር በአንድ ሐዲድ ላይ ተከታትለው ነው ያሉት። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሆቴል ኤርፈርት ላይ ብቻ ያዝኩ፤ ሻንጣ መጎተት ቀረልኝ። እስከ አይዘናኽ በፈጣኑ ባቡር ሂዱ፤ ቀደም ብሎ ለቆረጠ ዋጋው ይቀንሳል። ከዚያ ወዲያ በየጣቢያው የሚቆመው ይበቃል። በቡድን ከሆናችሁ እስከ አምስት ሰው የሚይዝ የቱሪንገን (እነዚህ ከተሞች ያሉበት ክፍለ ግዛት) የቀን ትኬት አለ። በሥራ ቀን ግን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይሠራም። ሰኞን ከእቅዳችሁ አውጡ፤ አብዛኛው ሙዚየም ዝግ ነው።

አይዘናኽ ላይ ወደ ቫርትቡርግ ግንብ ወጣሁ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር ከ1521 እስከ 1522 ተደብቆ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የመለሰው እዚያ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የእንጨት ግድግዳ፣ ጠረጴዛ፣ ምድጃ። ስመለስ ባቡሬ የሚነሳበት መስመር ተቀይሮ ኖሮ አመለጠኝ። ጎታ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ከተማዋን ከላይ ሆኖ ያያል። የተሠራው ከ1643 እስከ 1654 ነው፤ አባ ሲመጡ ገና አላለቀም ነበር። አገሩ ከሠላሳ ዓመት ጦርነት የወጣው በቅርቡ ነው። ከበሩ በላይ ሁለት ሴቶች ሲሳሳሙ በድንጋይ ተቀርጿል፤ ሰላምና ፍትሕ ናቸው። ጽሑፉን ወደ እኛ ስመልሰው "ሰላም ያበላል፣ ጠብ ይበላል" ይላል። ዳዊት ሲደግም ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። "ጽድቅና ሰላም ተስማሙ" የሚለውን መዝሙር እያሰብኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ግቢው ሰፊ ነው፤ በሦስት በኩል ነጭ ሕንፃ ከቦታል። በዚህ ግቢ ውስጥ ግዕዝ ተነግሯል። አማርኛ ተጠይቋል፣ ተመልሷል።

ኤርፈርት ሉዶልፍ በ1624 የተወለደበት ከተማ ነው። ሉተር በ1505 የመነኮሰበት ገዳምም አለ። ቫይማርን ዘለልኩት። አጠገቡ ያለው የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል፤ በችኮላ የሚታይ ቦታ አይደለም።

ማታ ፍራንክፈርት ስመለስ ለአክስቴ ልጅ ያንን የአማርኛ ሰዋስው ነገርኳት። በ1698 የታተመው እሷው ከተማ፣ ፍራንክፈርት ነው። ሃያ ዓመት ስትኖር አልሰማችም። ቅዳሜ ልጆቿን ይዛ ጎታ ለመሄድ ትኬት ቆርጣለች። የማለዳውን ባቡር ነው ያስያዝኳት።