ታንጀንትን ከጥላ መጀመር

ትሪጎኖሜትሪን ባስተማርኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። መጽሐፉ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ባለ ቀጤ ዘዌ ጎነ ሦስት ይሥልና ይሄ ሳይን፣ ይሄ ኮሳይን፣ ይሄ ታንጀንት ይላል። ማን ፈለጋቸው? ምን ሊሠራባቸው? ዝም። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ በማግስቱ ይረሳል።

ዘንድሮ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ሳይንን ለጊዜው ትቼ በጥላ ጀመርኩ። መንገዱን የጠረጉልኝ ከባግዳድ እስከ ሳማርካንድ የነበሩት የእስልምናው ዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። እነሱ ጥያቄ ነበራቸው። ፀሐይ ስንት ዲግሪ ላይ ናት? ሶላት መቼ ይገባል? ቂብላ፣ ሲሰገድ ፊት የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ በየት በኩል ነው? ምድር ምን ያህል ትልቃለች? ቀመሩ የመጣው ከጥያቄው በኋላ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። አንድ ዱላ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከዚያ ጥላውን መለካት። የጥላው ርዝመት ለዱላው ቁመት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ዛሬ የፀሐይዋ ከፍታ (ከአድማስ በላይ ያለችበት ዘዌ) ኮታንጀንት የምንለው ነው። ተገልብጦ ቁመቱ ለጥላው ሲካፈል ደግሞ ታንጀንት ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐበሽ አል-ሐሲብ እንዲህ ያሉ የጥላ ቁጥሮችን በሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር። በዛሬው መጽሐፍ ግን ኮታንጀንት ለወጉ ያህል መጨረሻ ላይ የሚጠቀስ ምስኪን ነገር ነው።

ከዚያ የዐስርን፣ የከሰዓት በኋላውን ሶላት፣ ወቅት ወሰድን። በአብዛኞቹ መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤቶች) ዐስር የሚገባው የዱላው ጥላ ከቀትር ጥላው በዱላው ቁመት ልክ ሲበልጥ ነው። በሐነፊ መዝሀብ በታወቀው አቋም ደግሞ ጭማሪው የቁመቱ ሁለት እጥፍ ነው። አንዷ ተማሪዬ ይሄን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ይመጣል ብላ ግን አልጠበቀችም። ሰሌዳው ጋ ወጥታ ያስረዳችው እሷ ናት፤ እኔ ዳር ይዤ ቆምኩ።

ቀትር ላይ ፀሐይ 60 ዲግሪ ላይ ናት እንበል። ዱላው 1 ሜትር ነው። የቀትር ጥላው 0.58 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዐስር ሲገባ 1.58 ሜትር ደርሷል። ታዲያ ፀሐይዋ የት ናት? ወደ 32 ዲግሪ ወርዳለች። በሐነፊው ስሌት 21 ዲግሪ አካባቢ ናት። ልጆቹ ይሄን ሲሠሩ መሐል ላይ ቆሙ። "ከጥላው ወደ ዘዌው እንዴት እንመለሳለን?" አሉ። የታንጀንት ግልባጭ ማለት ይሄው ነው። በሌላ ጊዜ ያንን የካልኩሌተር ቁልፍ ማንም ሳይጠይቀኝ የማሳየው እኔ ነበርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ይሄ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ የሃይማኖት?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። "የሒሳብ ነው" አልኩት። "ማመን አይጠበቅብህም። ጥላውን መለካት ግን ይጠበቅብሃል።" ሳቀ፣ ለካም።

እኔም ብሆን "ማን ቀደመ" የሚለውን ወግ አልወደውም። ጢማም ሊቃውንትን ግድግዳ ላይ ደርድሮ "ሁሉንም የፈጠሩት እነሱ ናቸው" ማለት ለልጅ ምንም አያስተምርም። ደግሞም እውነቱ ከዚያ ይወሳሰባል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሥነ ፈለክ ሊቅ በጥሊሞስ በክብ ውስጥ የሚወጠረውን ሙሉ አውታር፣ የክቡን ሁለት ነጥቦች የሚያገናኘውን ቀጥታ መስመር፣ ነበር የሚያሰላው። ሕንዳዊው አርያብሃታ በ499 በጻፈው ሥራ ግማሹን ወሰደ፤ ሳይን የተወለደው ከዚያ ነው። ዛሬ ሶርያ ውስጥ ባለችው በራቃ ከተማ ከ877 ጀምሮ ለ40 ዓመት ገደማ ሰማይ ሲለካ የኖረው አል-በታኒም በሳይን ነበር የሚሠራው። የተሻለውን ማወቅና መምረጥም ሥራ ነው።

ከሁሉም ክፍሉን የያዘው የአል-ቢሩኒ ነገር ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለው ናንዳና በተባለ ምሽግ አጠገብ፣ አንድ ተራራ መረጠ። መጀመሪያ ከታች ሆኖ ከሁለት ቦታ ዘዌ ለካና የተራራውን ከፍታ አገኘ። 652 ክንድ ገደማ፣ ከ300 ሜትር ትንሽ ያለፈ ነው። ከዚያ አናቱ ላይ ወጥቶ አድማሱ ከአግድሙ መስመር ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለካ። 34 ደቂቃ ሆነ፤ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ ያለፈ ማለት ነው። በቃ። የምድርን ሬዲየስ ለማግኘት ሌላ የሚለካ ነገር የለም።

ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ሣልኩት። አንድ መስመር ከምድር መሐል እስከ ተራራው አናት። አንድ ከመሐል እስከ አድማሱ። አንድ ከአናቱ እስከ አድማሱ። ቀጤ ዘዌው አድማሱ ላይ ነው። አናቱ ላይ የተለካው ዘዌም በዚህ ሥዕል ምድር መሐል ላይ ካለው ዘዌ ጋር እኩል ነው። እንግዲህ የዚያ የ34 ደቂቃ ኮሳይን ማለት፣ ሬዲየሱ ሲካፈል ለሬዲየሱና ለከፍታው ድምር ነው። እኩልታውን ልጆቹ ራሳቸው ፈቱት።

ከዚያ አንዱን ቡድን "34 ሳይሆን 33 ደቂቃ ብላችሁ አስሉት" አልኳቸው። ሬዲየሱ በ6 በመቶ ገደማ አደገ። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዲት ደቂቃ፣ የዲግሪ 1/60ኛ፣ ምድርን በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ታሳብጣለች! አየር ብርሃንን ማጠፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ አድማሱ ከትክክለኛ ቦታው ከፍ ብሎ ይታያል። ዘዴው ድንቅ ነው፣ ልኬቱ ግን ምሕረት የለውም። ሁለቱን ለይቶ ማየት ለነዚህ ልጆች አዲስ ነገር ነበር። ተራራውን ትተው ስለ መሣሪያው መከራከር ጀመሩ። ያልጠበቅኩት ጥሩ ክርክር ነበር።

ቂብላን ቶሎ አለፍኩት። ሉል ላይ ያለ ጎነ ሦስት ስለሚፈልግ ለዚህ ክፍል ይከብዳል። ሉልና ክር ብቻ ይዤ ገባሁ። ክሩን ከኒው ዮርክ እስከ መካ ሲወጥሩት ወደ ሰሜን ምሥራቅ መነሳቱ አስገረማቸው፤ መካ እኮ ከኒው ዮርክ ወደ ደቡብ ናት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆ ውስጥ አል-ኸሊሊ ይህንን አቅጣጫ በየዲግሪው አስልቶ ሰንጠረዥ እንደሠራ ነገርኳቸው፤ ቀጠልን። ትሪጎኖሜትሪን ከሥነ ፈለክ ነጥሎ ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ የጻፈውን ናሲር አል-ዲን አል-ቱሲንም በሁለት ዓረፍተ ነገር ሸኘሁት። ይቅር ይበለኝ።

አንድ ባልደረባዬ "ጊዜ ይበላል" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይበላል። ተመሳሳይ መልመጃዎችን ቀንሼ ነው የሸፈንኩት። በዚያ አልቆጭም።

በጥድፊያ ያላለፍኩት አል-ካሺን ነው። ሳማርካንድ ውስጥ በገዥው በኡሉግ ቤግ ሥር ይሠራ ነበር። በ1424 ፓይን እስከ 16 ዴሲማል ቤት ያሰላ ሰው ነው። ልጆቹ "ካልኩሌተር ከሌለ የ1 ዲግሪ ሳይን ከየት ይመጣል?" ብለው ስለጠየቁ ወደሱ ወሰድኳቸው። የ3 ዲግሪ ሳይን በጂኦሜትሪ ይገኛል። የ1 ዲግሪ ግን በማስመሪያና በኮምፓስ አይገኝም። አል-ካሺ ሁለቱን በእኩልታ አገናኛቸው። የ1 ዲግሪን ሳይን "ሀ" እንበለው። ሦስት ጊዜ ሀ ሲቀነስ አራት ጊዜ የሀ ኪዩብ የ3 ዲግሪን ሳይን ይሰጣል።

ኪዩቡ ኢምንት ስለሆነ መጀመሪያ እንርሳው። የ3 ዲግሪ ሳይን 0.0523360 ነው። ለ3 ሲካፈል 0.0174453። አሁን የዚህን ግምት ኪዩብ በ4 እናባዛ፣ 0.0523360 ላይ እንደምር፣ እንደገና ለ3 እናካፍል። 0.0174524 መጣ። ካልኩሌተሩን ከፈቱ። 0.0174524። በአንድ ዙር! እሱ በስድሳ መሠረት ቁጥር፣ አኃዝ በአኃዝ እያወጣ ነበር የሚሄደው፤ እኛ አቅልለነዋል።

ከኋላ ወንበር አንዷ ግን አልረካችም። "የ3 ዲግሪውስ ከየት መጣ?" አለች። 18 ዲግሪ ከመደበኛው ባለ አምስት ጎን ይወጣል። 15 ዲግሪ ከ45 ላይ 30 ሲቀነስ ነው። ከ18 ላይ 15 ሲቀነስ 3። ስለዚህ የሁለት ዘዌዎች ልዩነት ሳይን ያስፈልገናል። መጽሐፉ ይሄንን ቀመር የሚያመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። አቡል ወፋ ግን በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ አረጋግጦታል። ሰኞ በሱ እንጀምራለን።