የትኛው ጥያቄ ይጣራል?

በጎንደር የሚወራውንና በስልክ የሚዛመተውን አባባል በማስረጃ ለማጣራት የተሰባሰብን ጥቂት መምህራንና ተማሪዎች አለን። ሰው ከሚልክልን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያከራክረን መልሱ ሳይሆን፣ ጥያቄው ከመጀመሪያው ወደ እኛ ሊገባ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ አንድን ጥያቄ መቀበል ያለብን «ይህን ብናገኝ አባባሉ ሐሰት ነው እንላለን» የምንልበትን ማስረጃ ፍለጋ ከመውጣታችን በፊት መሰየም ስንችል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ሊታሰብለት እንኳ የማይችል ጥያቄ፣ ምንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን፣ ቦታው ሌላ ነው።

መስፈርቱን በቀላሉ የሚያሟላ ጥያቄ ላንሣ። «የፋሲልን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚለውን በከተማችን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አባባሉ ዘመንና ሰው ስላለው ሊጣራ ይችላል። በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የተመሩት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች የመጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1541 ነው፤ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ግን በ1636፣ በእኛ በ1628 ዓ.ም. ነው። ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከአገር ያስወጡትም ከተማዋን ከመቆርቆራቸው ቀደም ብለው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1648 የመጣው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ ደግሞ ግንቡን በዐይኑ አይቶ፣ የሠራው ሰው ሕንዳዊ እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ አባባሉ እንደተነገረው አይቆምም። ሆኖም በዚያው አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የደረሰው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከሕንድ የመጡ ግንበኞችንና ከኢየሱሳውያን የተማሩ ኢትዮጵያውያንን አንድ ላይ ስለሚጠቅስ፣ የሚሲዮናውያኑ ዕውቀት በሥራው ውስጥ ድርሻ ነበረው ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቱን ደባልቆ «በከፊል እውነት ነው» ብሎ ማለፍ ለጠያቂው ምንም አይጠቅመውም።

ከሁሉ የበለጠ ያወያየን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ንቦች ጉዳይ ነው። ደርቡሾች የተባሉት የሱዳኑ መሐዲ ተዋጊዎች ቤተ ክርስቲያኑን ሊያቃጥሉ በመጡ ጊዜ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው የሚለውን ታሪክ ልጅ ሆነን የሰማነው ነው። ከመካከላችን አንዱ ጉዳዩ የእምነት ስለሆነ ጨርሶ አይነካ አለ፤ ሌላዋ ደግሞ አፈ ታሪክ ነው ብለን እንዝጋው አለች። እኔ በሁለቱም አልስማማም፤ ምክንያቱም በአንዱ ትረካ ውስጥ ጠባያቸው የተለያየ በርካታ ጥያቄዎች አሉ። ደርቡሾች በጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠላቸው በጽሑፍ የሚታወቅ ስለሆነ ይጣራል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከጥፋቱ መትረፉም እንዲሁ ይጣራል። የንቦቹ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የት፣ መቼና በማን ተጻፈ የሚለውም ድካም የሚጠይቅ ይሁን እንጂ ሰነድ በማገላበጥ የሚደረስበት ነው። ንቦቹን የላካቸው ማን ነው የሚለው ግን፣ የትኛውም ሰነድ ቢገኝ ሐሰት ነው ወይም እውነት ነው ሊያሰኝ ስለማይችል፣ ለጸሎትና ለትምህርተ ሃይማኖት የሚተው ነው።

እዚህ ላይ የቃል ታሪክን ንቆ ማለፍ ትልቅ ጉዳት መሆኑን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። አንድ ሽማግሌ ካህን «አባ፣ ይህን ከማን ሰሙት?» ተብለው ሲጠየቁ «ከአባቴ ነው ልጄ፤ እሱም ከአባቱ» ብለው ቢመልሱ፣ መልሳቸው ባዶ ወሬ ተደርጎ መታየት የለበትም። በ1880 ጎልማሳ የነበረ ሰው የልጅ ልጁ እስከ ቅርብ ዓመታት በሕይወት ሊቆይ ይችላልና፣ በተናጋሪውና በዐይን ምስክሩ መካከል የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቃል ተናጋሪው ሲፈቅድ፣ ከማን እንደተሰማ ተጠቅሶ መመዝገብ አለበት። በተቃራኒው ደግሞ፣ ታሪኩ በጽሑፍ የተገኘው ዘግይቶ ቢሆን እንኳ፣ ይህ ብቻውን ንቦቹ አልነበሩም ለማለት አያበቃም።

አንዳንድ ጥያቄ የሚጎድለው ማስረጃ ሳይሆን መለኪያ ነው። «ራስ ዳሸን በአፍሪካ በከፍታ አራተኛ ነው» የሚለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኪሊማንጃሮ 5,895፣ ኬንያ ተራራ 5,199፣ ሩዌንዞሪ 5,109 ሜትር ናቸው። የድሮ መጻሕፍት ለራስ ዳሸን የሚሰጡትን 4,620 ሜትር ከወሰድንና ሩዌንዞሪን እንደ አንድ ተራራ ከቆጠርን አባባሉ ይቆማል። አሁን የሚሠራበትን 4,550 ሜትር ከወሰድን ግን የታንዛኒያው ሜሩ ተራራ በጥቂት ሜትሮች ይበልጠዋል፤ ስፔክንና ቤከርን የመሳሰሉትን የሩዌንዞሪ ከፍታዎች ለየብቻ ስንቆጥር ደግሞ ደረጃው የበለጠ ይወርዳል። ጠያቂው እንዴት እንደሚቆጠር እስኪነግረን ድረስ የምንሰጠው መልስ የለም።

የሰውን ሕይወት የሚነካው ጥያቄ ሲመጣ ጥንቃቄው ይጨምራል። «ጸበል ኤች አይ ቪን ይፈውሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙዎቻችን እንፈራለን፤ ፍርሃታችንም ጸበልተኛውን ላለማስቀየም ከመፈለግ የሚመጣ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ሥር ሕመምተኛውን በየቀኑ የሚያስጨንቀው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ጸበል ስገባ መድኃኒቴን ላቁም?» የሚለው ነው። ይህኛው በሚገባ የሚጣራ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቋረጥ በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ ቫይረሱ በሳምንታት ጊዜ ውስጥ እንደገና እንደሚበዛ በሕክምና ተረጋግጧል። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ምእመናን መድኃኒቱንና ጸበሉን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ስለዚህ ማንንም ከእምነቱ ጋር ሳናጣላ፣ ለእናትም ለወንድምም በድፍረት ልንናገረው የምንችለው መልስ አለ። የፈውስን ጥያቄ ባለመቀበላችን ይህንን አብረን ብንጥለው ኖሮ የምናጠፋው የሰው ነፍስ ነበር፤ እኔ ጥያቄን ሳይቀበሉ ከመጣል ይልቅ ማረም ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚቀጥለው ዓመት የጤፍ ዋጋ፣ የአንድ ሹም የልብ ሐሳብ፣ እገሌ የሚባለው ሕዝብ ጠባይ፣ እነዚህ ሁሉ ከጅምሩ አይገቡም። የመጨረሻው በተለይ በጥያቄ መልክ የቀረበ ስድብ ስለሆነ ማረሚያ እንኳ አንፈልግለትም።

አባባሉን በእርግጥ ሌላ ሰው ተናግሮታል ወይ ብለንም እንጠይቃለን። በኮሮና ወቅት ነጭ ሽንኩርት በሽታውን ይከላከላል የሚለው በየቤቱ ገብቶ ስለነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሎ መልስ እስከ መስጠት ደርሷል፤ እንዲህ ያለውን ማጣራት ተገቢ ነው። ማንም ያልተናገረውን፣ ጠያቂው በራሱ ሐሳብ የፈጠረውን ጥርጣሬ ስናጣራ ግን እኛው የወሬው አዛማች እንሆናለን። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል፤ መላው የሚጀምረው ወሬው መኖሩን ከማረጋገጥ ነው። ለዚህ ሲባል መልእክቱ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች መምጣቱን ሳናይ አንጀምርም።

ሊጣራ እየቻለም የማንቀበለው አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። አንዳንድ ሰው የጎረቤቱን ፎቶግራፍ ልኮ «ሌባ ናት ይባላል፣ እውነት ነው ወይ?» ይለናል። በጥንቱ አውጫጭኝ የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ሽማግሎች ተቀምጠው፣ የተጠረጠረውም ሰው እዚያው ሆኖ ነበር የሚጣራው። በእኛ ዘንድ ግን ሴትዮዋ ስሟ መነሣቱን እንኳ አታውቅም፤ ምስክር ልታቀርብም አትችልም። ፎቶግራፉን እናጠፋለን፤ የላከውንም ሰው ለሌላ እንዳያስተላልፍ ለምነን፣ በደል ደርሶበት ከሆነ ወደ ፖሊስ እንዲሄድ እንነግረዋለን።