ናሙናው ማይክሮስኮፕ ሳይደርስ የሚበላሸው የት ነው?

ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ውስጥ የወንድ የዘር ፈሳሽ ስመረምር የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ ውጤት በብዛት የሚበላሸው በቆጠራው ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት መሆኑን ነው። ስለዚህ ለታካሚው የናሙና መቀበያ ዕቃውን ከመስጠቴ በፊት በሩን ዘግቼ እጠይቃለሁ።

ከመጨረሻው ግንኙነት ስንት ቀን ሆነ? ከ2 እስከ 7 ቀን መሆን አለበት። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ጠብቆ በፋሲካ ማግሥት የሚመጣ ሰው ፈሳሹ ይበዛል፣ ከዘሮቹ ግን ብዙዎቹ አይንቀሳቀሱም። «ቤትዎ ገብተው ከባለቤትዎ ጋር ይገናኙ፣ ከዚያ ከ3 ቀን በኋላ ይመለሱ» እላለሁ።

ትኩሳት ነበረብዎት? ይህ ጥያቄ ጣና ዳር ከሁሉም ይበልጣል። የወንድ ዘር ተመርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል፤ የጥቅምት ወባ በታኅሣሥ ውጤት ላይ ይታያል። እንዲህ ሲሆን ከ3 ወር በኋላ እደግመዋለሁ።

የመጀመሪያው ጠብታ ፈሷል? ብዙው ዘር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሰው አፍሮ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ቢፈስ ነውር እንደሌለው አስቀድሜ እነግራለሁ። ሳሙና፣ ምራቅና ተራ ኮንዶም ዘሩን ይጎዳሉ። ከዘጌ በጀልባ ይዞ መምጣትም አይሆንም፤ ሰዓቱ ያልፋል፣ ናሙናው ይቀዘቅዛል። እዚሁ መስጠት ይሻላል።

ከዚያ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ሲቀጥን በቀስታ አዟዙሬ 10 ማይክሮሊትር በሞቀ ስላይድ ላይ አድርጌ በ22 በ22 ሚሊሜትር መሸፈኛ እሸፍናለሁ፤ በ400 እጥፍ አጉልቼ ስንቱ እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ 200 ዘር ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ። የጥር ጠዋት ቀዝቃዛ ስላይድ ፈጣኑን ዘር ቀርፋፋ ያስመስለዋል። ለብዛቱ 50 ማይክሮሊትር ናሙና ከ950 ማይክሮሊትር ማቅጠኛ ጋር እቀላቅላለሁ። ናሙናው ስለሚያጣብቅ ፒፔቱ (የፈሳሽ መምጠጫው) አየር ከሳበ ቁጥሩ ያንሳል። ምንም ካልታየም በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) አዙሬ ዝቃጩን ሳላይ «የለም» ብዬ አልጽፍም፤ ይህች ቃል ትዳር ታናጋለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ዝቅተኛ ወሰን 1.4 ሚሊሊትር፣ በሚሊሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ ከዚያም 42 በመቶ ተንቀሳቃሽ ነው። ከዚህ ማነስ መካንነት አይደለም፤ ወሰኑ የተወሰደው ሚስቶቻቸው በ12 ወር ውስጥ ካረገዙ ወንዶች ነው፣ ከእነሱም 5 በመቶው ከዚያ በታች ነበሩ።

ውጤቱ ደህና ሲሆን ደግሞ ቀኑን አሰላላቸዋለሁ። እንቁላል የምትወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ቀድማ ነው፤ ዑደቷ 32 ቀን የሆነች ሴት በ18ኛው ቀን አካባቢ ማለት ነው። እንቁላሏ የምትቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ነው፣ የወንዱ ዘር ግን ማህፀንና ቱቦ ውስጥ እስከ 5 ቀን ይኖራል። ከ13ኛው ቀን ጀምረው በየሁለት ቀኑ ይገናኙ።