በቆሎና ቦሎቄ አብረው ሲዘሩ የኤንፒኤስ ማዳበሪያውን የማካፍልበት መንገድ

በሐዋሳ ዙሪያ በቆሎን ከቦሎቄ ጋር አሰባጥሮ መዝራት የቆየ ነው። ማዳበሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለበቆሎው ታስቦ ይሰጥና ቦሎቄው የተረፈውን ይለቅማል። እኔ ለቦሎቄውም ድርሻውን በራሱ መስመር እሰጠዋለሁ።

ስሌቱ ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር ነው። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ አለው። ለጥማዱ የምሰጠው 25 ኪሎ 9.5 ኪሎ ፎስፌት ይይዛል፤ ንጹሕ ፎስፈረሱ ግን 4 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ያምታታ ሰው መጠኑን ከእጥፍ በላይ ያዛባል።

የበቆሎውን መስመር 75 ሳንቲሜትር አራርቄ፣ በየመሐሉ አንድ የቦሎቄ መስመር አስገባለሁ፤ በቦሎቄ ፍሬዎች መካከል 10 ሳንቲሜትር። ማዳበሪያው ለበቆሎው በሜትር 5 ግራም፣ ለቦሎቄው 2.5 ግራም ይደርሳል። የለስላሳ ቆርኪ ለመስፈሪያ ይበቃል፤ የሚይዘውን አስቀድሞ በሚዛን ማረጋገጥ ነው። ቦዩ 10 ሳንቲሜትር ይወርዳል፣ ማዳበሪያው ይገባል፣ 5 ሳንቲሜትር አፈር ይለብሳል፣ ዘሩ ከዚያ በላይ። ማዳበሪያ የነካው ዘር ይቃጠላል፤ በራይዞቢየም (በቦሎቄ ሥር ላይ እብጠት ሠርቶ ናይትሮጅንን ከአየር በሚይዝ ባክቴሪያ) የታሸ ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያውም ይሞታል። ስለዚህ ዘሩን በስኳር ውኃ አርሶ ሕያው ማዳበሪያውን፣ ማለትም ራይዞቢየሙን፣ ማሸት ጥላ ሥር ይሁን፤ የታሸው ዘር በዕለቱ ይዘራ።

በዚህ አዘራር በሬ አስገብቶ መሸልሸል አይቻልም። አረሙ በእጅና በመኮትኮቻ ነው፤ ጉልበት የሌለው ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ፎስፈረስ ያጠረው ቦሎቄ ቢጫ ስለማይሆን ያታልላል፤ ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ተክሉ ይቀጭጫል። እኔ የማምነው ሥሩን ነው። ሲያብብ ጥቂት ተክል በአካፋ ቆፍሬ አወጣለሁ (ከተነቀለ የሥሩ እብጠቶች አፈር ውስጥ ይቀራሉ)፣ አጥቤ እብጠቱን በጥፍሬ እሰነጥቃለሁ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን ከአየር እየያዘ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ የፍሬው ፕሮቲን ከወዲሁ ያሳስባል። ዩሪያውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከበቆሎው ሥር ብቻ እቀብራለሁ፤ ማሳው ላይ ሁሉ ከተበተነ ቦሎቄው እብጠት መሥራቱን ይተዋል።

ኤንፒኤስ በጨመረ ቁጥር ፍሬው ይሻላል የሚለውን አልቀበልም። ትርፉ ፎስፈረስ ፍሬ ውስጥ በአመዛኙ ፋይቴት ሆኖ ይከማቻል፤ ፋይቴት ዚንክና ብረትን አስሮ ከሰውነት እንዳይዋሐዱ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ ሥሩ የሚወስደው ዚንክ ራሱ ይቀንሳል። ወደ ሀገረ ሰላም ደጋ ሲወጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ አፈሩ ኮምጣጣ በመሆኑ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን ያስሩታል፣ ስለዚህ ኖራ ይቀድማል።

የቦሎቄውን ፍሬ ጥራት ሳወዳድር ናሙና የምወስደው ከማሳው መሐል ነው፤ የዳር መስመር ፀሐይና ቦታ ስለሚተርፈው ፍሬው ይከብዳል። 100 ፍሬ ቆጥሬ ከመዘንኩ በኋላ ወደ 13 በመቶ እርጥበት አመጣዋለሁ፦ በ18 በመቶ እርጥበት 24 ግራም የመዘነ ቦሎቄ በ82 ተባዝቶ ለ87 ሲካፈል 22.6 ግራም ነው። ለዚንክ ምርመራ የሚላከው ናሙና ቆርቆሮ ላይ አይሰጣ፤ ቆርቆሮው የተለበጠው በዚንክ ስለሆነ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ሸራ ላይ ደርቆ በንጹሕ ወረቀት ከረጢት ይሂድ።